ሳይቀመስ የበሰለው ዳል

«ቅመሺው በናትሽ! አንዴ ብቻ!»

ሃርሊን ማንኪያውን ፀዲ አፍ ድረስ አስጠግታዋለች። ከማንኪያው ላይ እንፋሎት ይነሳል፤ ጥቁሩ ምስር በቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል። ፀዲ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ጀርባዋ ከፍሪጁ ጋር ተላተመ።

«አልቀምስም አልኩሽ እኮ!»

«ማን ያይሻል? እናትሽ ሻወር እየወሰደች ነው።»

«እሱ አይደለም ነገሩ።»

ነገሩ ጾም ነው። ፀዲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ ዐቢይ ጾም ማለት ለእሷ እናቷ የምትጾመው ነገር ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ማንም ሳያስገድዳት «እኔም እጾማለሁ» ብላ ጀመረች። እናቷ ብርነሽ መጀመሪያ ላይ አላመነቻትም። «ትምህርት ቤት ፒዛ ሲታደል እናያለን» ብላ ስቃባት ነበር። ፒዛው ታደለ፤ ፀዲ አልነካችውም። ያን ሁሉ ችላ አሁን በቅቤና በክሬም ለሚሠራ ምስር ጾሟን ልትፈታ አልፈለገችም።

«አንቺ ራስሽ ለምን አትቀምሺውም?» አለች።

ሃርሊን ማንኪያውን ወደ ራሷ አፍ ከተተች። አጣጣመች፣ እንደገና አጣጣመች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምንም! ጨው ይኑረው ስኳር ይኑረው አላውቅም። ካርቶን የበላሁ ነው የሚመስለኝ።»

በየዓመቱ ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ የሃርሊን አፍንጫ ይደፈናል። የዛሬው ግን የባሰ ነው። ጠዋት ስትነሳ ፊቷ አባብጦ፣ ድምጿ እንኳ ተለውጦ ነበር። በዓመት ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ ምላሷ የሚያስፈልጋት ዛሬ ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ምላስ የላትም።

ሁለቱ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ኦክላንድ አብረው ተምረዋል። ባለፈው ሰመር የሃርሊን ቤተሰብ ወደ ሳን ሆዜ ቢዛወርም ቴክስት መደራረጋቸውን አልተዉም። ፀዲ ስለ ጓደኛዋ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። ትልቁን ውሸቷን የሰማችው ግን በዚሁ ሳምንት ነው።

ውሸቱ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ሃርሊን ከምግብ ቤት የተገዛ ዳል ማካኒ በቤታቸው ድስት ገለበጠችና ፎቶ አንስታ ሕንድ አገር፣ ሉዲያና ለሚኖሩት አያቷ ላከችላቸው። ዳል ማካኒ ማለት ጥቁር ምስር በቅቤና በክሬም እስኪቀልጥ የሚበስልበት የፑንጃብ ወጥ ነው። «ቢጂ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብላ ጻፈች፤ ቢጂ የምትለው አያቷን ነው። ቢጂ ደስ ብሏቸው አለቀሱ። ፎቶውን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። ሃርሊን ያንን ደስታ ካየች በኋላ ማቆም አቃታት፤ ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ ፎቶ መላክ ልማድ ሆነ። አሁን ቢጂ ራሳቸው ሳን ሆዜ እየመጡ ነው፤ የሚገቡትም ዛሬ ነው። «አውሮፕላን ላይ ምንም አልቀምስም። አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ የምበላው ያንቺን ዳል ነው» ብለዋል።

«ፕሊስ ፀዲ፣ ሥሪልኝ» አለቻት ሃርሊን ደውላ። «እናንተ ቤት ምስር በየቀኑ ነው የሚበላው።»

ፀዲ አመነታች። እምቢ ብትላት ጓደኛዋ ትዋረዳለች። ሠርታ ብትሰጣት ደግሞ እሷም የውሸቱ አካል ልትሆን ነው። በመጨረሻ እንዲህ አለቻት፦ «እኔ አልሠራልሽም። እኛ ቤት ነይና አንቺ ትሠሪያለሽ፤ እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። ቢያንስ ይኼኛው ዳል የምርሽን የሠራሽው ይሆናል።»

ሃርሊን አርብ ማታ መጣች። ጥቁሩን ምስርና ቀይ ቦሎቄውን ዘፍዝፈው አደሩ። ብርነሽ ነገሩን ሰምታ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያስቀመጠችውን የፍስክ ድስት አወረደችላቸው። «ቅቤ የነካውን ዕቃ ከጾም ዕቃዬ ጋር እንዳትቀላቅሉብኝ። ማጠቡም የእናንተ ነው» አለች። ጠዋት ምስሩ ተቀቀለ፤ ሽንኩርቱ በቅቤ ተቁላላ፤ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሙኑ፣ ቲማቲሙ ገባ። ያማሰለችው ሁሉ ሃርሊን ናት። ቃሏን ጠብቃለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር።

«እሺ፣ ጨው እንጨምር ወይስ አንጨምር?» ሃርሊን ማንኪያውን ሰሃን ላይ ወረወረችው። «አንቺ አትቀምሺም። እናትሽ አትቀምስም። እኔ ጣዕም አይሰማኝም። በዚህ ቤት አንድ የሚሠራ ምላስ የለም!»

ፀዲ ልትስቅ ስትል አንድ ነገር አፍንጫዋን ወጋት። ቀጭን፣ መራራ ሽታ ነው።

«ሃርሊን፣ ድስቱ!»

«ምን ሆነ?»

«እያረረ ነው! አይሸትሽም?»

አይሸታትም። ሃርሊን ማማሰያውን አንስታ የድስቱን ሥር ልትፍቅ ስትል ብርነሽ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ከሻወር ሮጣ ወጣች።

«አትንኩት! ስቶፕ! እንዳትፍቂው!» ምድጃውን አጠፋች። «ሥሩን ከነካሽው ሁሉም ያረረ ያረረ ይላል። ሌላ ድስት አምጪ ፀዲ።»

ብርነሽ እየመራቻቸው የላይ የላዩን በጭልፋ እየቀዱ ወደ ሌላ የፍስክ ድስት አዛወሩት። ሥሩ ላይ የቀረው ጥቁር ሆኖ ተጣብቋል። ከዳሉ ብዙው ተርፏል፤ ግን ሃርሊን ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ያረረ ያረረ ቢልስ? እንዴት አድርገን እናውቃለን? አንቲ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይቀምሱልኝም?»

«ሶሪ የኔ ልጅ፣ አልችልም» አለች ብርነሽ። እርጥብ እጇን በፎጣው አደረቀችና ወደ ልጇ ዞረች። «ፀዲ፣ ለፋሲካ ዶሮ የምሠራው መቼ ነው?»

«ዋዜማውን።»

«ጾሙ ተፈቶ ነው?»

«አይ… አልተፈታም።»

«ታዲያ ማን ይቀምስልኛል?»

ፀዲ ይህን አስባበት አታውቅም ነበር። በየዓመቱ ፋሲካ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ዶሮው ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ሁሌም ይጣፍጣል፤ ጨው በዝቶበት ወይም አንሶበት አያውቅም። እናቷ እንዴት አድርጋ እንደምታውቀው አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«በምን ታውቂያለሽ ታዲያ?»

«በማሽተት ነዋ።»

«ጨው ይሸታል እንዴ ማሚ?»

«ጨው ራሱ አይሸትም። ግን ጨው ያነሰው ወጥ ሽታው የተበታተነ ነው፤ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ቲማቲሙ ለብቻው፣ ቅቤው ለብቻው ይመጣብሻል። ጨው ሲበቃው አንድ ላይ ነው የሚመጣው።» ብርነሽ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ደነገጠች። ሄይዋርድ ከተማ ሄዳ የምትንከባከባቸው አሮጊት ይጠብቋታል። «እኔ ሥራ ረፍዶብኛል። ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ከበዛ መመለሻ የለውም። ማታ ሳን ሆዜ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ድስቱን ከበው ቆሙ።

«የእናትሽ አፍንጫ የእናትሽ ነው» አለች ሃርሊን በቀስታ። «አንቺ ትችያለሽ?»

«አላውቅም። አንቺ ብቻ አታቁሚ፣ አማስይ።»

ፀዲ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የመጣላት ትኩሱ እንፋሎት ብቻ ነበር። ቆየች። ያረረው ሽታ እንዳለ ፈለገች፤ ከሌላው ድስት፣ ከመታጠቢያው በኩል ይመጣል እንጂ ከዚህኛው አይመጣም። ከዚያ ቲማቲሙ መጣ፤ ኮምጠጥ ብሎ፣ ብቻውን። ዝንጅብሉም ብቻውን ነው። እናቷ ያለችው ይሄ ይሆን?

ትንሽ ጨው ቆንጥራ ጨመረች። ሃርሊን አማሰለች። ጠበቁ። ፀዲ እንደገና አሸተተች። ቲማቲሙ አሁንም ብቻውን ነው፤ እንደ በፊቱ ግን አይጮህም። እንደገና ቆነጠረች። ሃርሊን ክንዷ ዝሎ እጇን ቀያየረች፤ ማማሰያውን ግን አልለቀቀችም። ምስሩ ቀስ እያለ እየተንተከተከ ይፈርሳል፣ መረቁ ይወፍራል።

ሦስተኛው ቁንጥር ላይ ፀዲ እጇን ከድስቱ በላይ አንጠልጥላ ቆመች። ከጨመረችውና ከበዛ ሁሉም ነገር አለቀ። ካልጨመረችው ደግሞ አልጫ ሊሆን ነው። አፏ ራሱ ውሃ ሞልቷል፤ አንድ ጠብታ ብትቀምስ ችግሩ ሁሉ ያበቃል። ማንኪያው እዚያው ሰሃኑ ላይ ነው። ዘወር ብላ አየችውና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ጨመረችው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንፋሎቱ ፊቷን ሲነካው ሽንኩርትም፣ ቲማቲምም፣ ዝንጅብልም የሚባል ነገር ጠፋ። የመጣው አንድ ሽታ ነው፤ ሙሉ፣ ወፍራም፣ ስም የሌለው።

«በቃ!» ብላ ጮኸች። «በቃ፣ በቅቶታል!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።» በሕይወቷ እንደዚህ እርግጠኛ የሆነችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ክሬሙን አፈሰሱበት። ሃርሊን ከትንሽ ከረጢት ደረቅ ቅጠል አውጥታ በመዳፏ እያሸች በተነችው፤ ፀዲ ሽታውን አውቃው ዘለለች፤ «አብሽ! ይሄማ አብሽ ነው!» የአብሽ ቅጠል ነበር። ሁለቱም ያለ ምክንያት መሳቅ ጀመሩ፤ ሃርሊን እየሳቀች፣ እያስነጠሰች፣ እያማሰለች። ዳሉ ማማሰያው ላይ እንደ ሐር ተኛ።

ከፍሩትቬል ጣቢያ ባቡር ተሳፈሩ። ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ፀዲ ጭን ላይ ነው፤ ሙቀቱ በጂንሷ ውስጥ ያልፋል። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ሁለቱም ክዳኑን ይጫኑታል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ የግንባታ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ይቅርታ፣ ምንድን ነው እንደዚህ የሚሸተው?» አለ።

«እሷ የሠራችው ዳል ነው» አለች ፀዲ።

ሰውየው «ዕድለኛ ነው የሚበላው» ብሎ ማዳመጫውን መለሰ። ሃርሊን ግን አልሳቀችም። ሳን ሆዜ በተቃረቡ ቁጥር ስልኳን እያወጣች ሰዓት ታይ ነበር።

ቢጂ ቀድመዋቸው ደርሰዋል። ፀዲ ግዙፍ ሴት ጠብቃ ነበር፤ ያገኘቻቸው ግን ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ እግራቸው ከበረራው ያበጠ፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። ሃርሊንን አቅፈው አልለቅም አሉ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ፀዲን ጉንጯን ይዘው በፑንጃቢ ረጅም ነገር ነገሯት። የሃርሊን እናትና አባት ሻንጣ ለማውረድ ወደ ጋራዡ ወጡ። ቢጂ ግን ሻንጣም ዕረፍትም አልፈለጉም። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ፦ ዳሉ ይምጣ።

ሃርሊን በጎድጓዳ ሰሃን ቀድታ አቀረበች።

ቢጂ ሮቲ ከሚባለው ቂጣ ቆርሰው፣ አጥቅሰው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢጂ ሁለተኛ ጎረሱ፤ ሦስተኛ ጎረሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ሲገልጡ እርጥብ ነበር። ሃርሊንን ራሷን ይዘው ግንባሯን ሳሟት።

ሃርሊን በትከሻቸው በኩል ፀዲን አየቻት። ፊቷ ሁሉ እየጮኸ ነበር። ተሳካ!

ቢጂ ቀጥለው ትልቅ ቁራሽ ሮቲ በዳሉ ነከሩና ራሳቸው ወደ ፀዲ አፍ ዘረጉት። የጉርሻ እጅ የትም አገር ያው ነው። ፀዲ አፏን ሳትከፍት ሃርሊንን አየቻት። ሃርሊን ቶሎ ብላ በፑንጃቢ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሆዷንም በእጇ ይዛ አሳየች። ቢጂ «አይ አይ» በሚል ዓይን ፀዲን በሐዘን አይተው ጀርባዋን አሻሹላት።

«ምን አልሻቸው?» አለች ፀዲ በእንግሊዝኛ።

«ወተት ያማታል አልኳቸው። ቀላሉ እሱ ነው።»

«እኔ ግን አላመመኝም።»

«ፀዲ፣ ፕሊስ። ትጾማለች ብላቸው ታዲያ ማን ቀመሰው ይላሉ፤ ለምን እሷ ጋ ሠራሽው ይላሉ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይወጣል። አሁን እኮ ደስ ብሏቸዋል።»

ፀዲ የቢጂን እጅ ጀርባዋ ላይ ተሰማት፤ ሞቃት ነው፤ ያልታመመ ሆድ እያስታመመ። ይህን ሁሉ ቀን የጠበቀችው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሆድ ቁርጠት ሆነ። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም። ዝም ማለት ግን አልቻለችም።

«ያንቺ ነገር ያንቺ ነው፤ ብትፈልጊ ተናገሪ፣ ባትፈልጊ ተዪው» አለች። «የኔን ግን አስተካክይልኝ። ጾመኛ ነኝ በያቸው። እኔ አልደብቀውም።»

ከሁለቱ ፑንጃቢ የምትችለው ሃርሊን ብቻ ናት። የፈለገችውን ብትል ፀዲ አታውቅም። ሃርሊን መሬት መሬት አየች። ከዚያ አያቷ እግር ሥር ተንበረከከችና መናገር ጀመረች። የፀዲ መልእክት አጭር ነበር፤ የሃርሊን ንግግር ግን እየረዘመ ሄደ። መሐል ላይ ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየች፤ በእያንዳንዱ ላይ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ፀዲ ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ።

ቢጂ ሮቲውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ይሁን ቁጣ ፀዲ መለየት አቃታት። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ማን አማሰለው ነው የሚሉት» አለች ሃርሊን። የራሷን እጅ አነሳች፤ መዳፏ ማማሰያውን የያዘችበት ቦታ ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል። ቢጂ እጇን ይዘው ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። ከዚያ ፀዲን በአመልካች ጣታቸው አፍንጫዋ ላይ ነካ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩና ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?»

«‹እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን ዳል የበላው ሰው አልነበረም። ይቺ ልጅ ደግሞ ሳትቀምስ በአፍንጫዋ ታበስላለች?› ነው የሚሉት።» ሃርሊን እየሳቀችና እያለቀሰች ነበር።

ቢጂ ግን በዚህ አልለቀቋትም። ጆሮዋን ይዘው ሃርሊንን ድስቱ አጠገብ አቆሟት፤ ፀዲንም ጎትተው አመጡ። ፎቶ ይነሳ አሉ። ከዚያ ሃርሊን እንዲህ ብላ እንድትጽፍ አዘዟት፦ «የሃርሊን የመጀመሪያ ዳል ይህ ነው። ያለፉት ሁሉ የምግብ ቤት ነበሩ።» ሃርሊን እያቃሰተች ጻፈች፤ ለሉዲያና ጎረቤት ሁሉ ተላከ።

ከዚያ ነው ፀዲ ያልጠበቀችው ነገር የሆነው። ቢጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሃርሊንን እየጠየቁ፣ ጾሙ ምን ምን እንደሚከለክል አጣሩ። ቅቤውን ገፋ አደረጉ፣ ክሬሙን ገፋ አደረጉ፣ ዘይቱን አነሱ። ያን ሁሉ ሰዓት በርረው፣ እግራቸው አብጦ፣ ምድጃው ፊት ቆሙ። ቢጫውን ክክ ምስር ቀቀሉ፤ ከሙኑንና ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አንጨረጨሩና ላዩ ላይ ሲያፈሱት ቤቱ ሁሉ ጮኸ። የሃርሊን እናትና አባት ከጋራዡ ገብተው በሩ ላይ በግርምት ቆሙ። ቢጂ ለማንም ሳያስረዱ ሰሃን ሞልተው ፀዲ ፊት አስቀመጡ፤ አጠገቧ ተቀምጠውም የራሳቸውን ዳል መብላት ቀጠሉ።

ፀዲ ጎረሰች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ሃርሊንን፣ አሮጊቷን፣ ባዶ እየሆነ ያለውን ድስት ሁሉንም እያየች መብላት ነበር የፈለገችው።

ብርነሽ ስትመጣ መሽቷል። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። መኪና ውስጥ ፀዲ እስትንፋስ ሳትወስድ ሁሉንም ነገር ነገረቻት፤ ጨውን፣ ጉርሻውን፣ ጆሮ መያዙን። ብርነሽ መንገዱን እያየች ሰማች። ስለ ሦስተኛው ቁንጥር ስትሰማ ብቻ ዘወር ብላ ልጇን አየቻት።

«ሳትቀምሺ?»

«ሳልቀምስ።»

ብርነሽ ፈገግታዋን መዋጥ አልቻለችም። የሄይዋርድ መብራቶች በቀኝ በኩል መታየት ጀመሩ።

«ማሚ፣ የሚመጣው እሁድ የቤተክርስቲያኑ ምሳ የኛ ተራ ነው አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«ምስሩን እኔ ነኝ የምሠራው።»

«ልትረጂኝ ነው?»

«አይ። እኔ ልሠራው ነው፤ አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

ብርነሽ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ አሰበች። ምሳው ለብዙ ሰው ነው፤ እናቶቹ ደግሞ አስተያየት አይቆጥቡም። ፀዲ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሐሳቧን አልቀየረችም።

«የሐበሻ ሱቁ ሳይዘጋ እንቁም» አለች። «ምስሩን ራሴ ልምረጥ።»

እናቷ ፍሬቻ አበራች።